«ቢኮዝ» ወይስ «ቢኮዝ ኦፍ»? የእንግሊዝኛ ስሞች ከመስተዋድድና ከመስተጻምር ጋር የሚገጥሙበት መንገድ

«ቢኮዝ ኦፍ ኢት ሬይንድ፣ ዘ ሮድ ዎዝ ክሎዝድ።» ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ይህን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል። ሐሳቡ ይገባል። ዘነበ፣ መንገዱ ተዘጋ። ቃላቱም ልክ ናቸው። አንዲት «ኦፍ» ብቻ ያለ ቦታዋ ገብታለች። የጻፈው ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ አይደለም። ኃላፊ ጊዜና ትንቢት ጊዜ ጠይቁት፣ እንደ ውኃ ያንቆረቁረዋል። የሚደናቀፈው ስም ከጎኑ ማንን እንደሚያስከትል ሲመጣ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ለሆነበት ተማሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ ለሚንገላታ የዩኒቨርሲቲ ልጅና በእንግሊዝኛ ሪፖርት አምጣ ለሚባል ሠራተኛ ነው። እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል እንደሚነበበው አስቀምጨዋለሁ። እናንተ ደብተር ይዛችሁ በላቲን ፊደል እየመለሳችሁ ጻፉት። ያ ራሱ ግማሹ ልምምድ ነው።

ሁለት የሰዋስው ቃላት ብቻ እንያዝ። መስተዋድድ ስንል «ኢን»፣ «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «ፎር»፣ «ቱ» እና የመሳሰሉትን ነው። መስተጻምር ስንል ደግሞ ጥገኛ ዓረፍተ ነገርን ከዋናው ጋር የሚያያይዙትን ነው፤ «ቢኮዝ»፣ «ኦልዞ» («ምንም እንኳ» የምትለዋ)፣ «ዋይል»፣ «ዛት»፣ «ዌዘር»። «ኤንድ» እና «በት» ዛሬ ብዙም አይመለከቱንም።

አንደኛ፦ ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነው ወይስ ዓረፍተ ነገር?

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ቀጥሎ የሚመጣው ስም ከሆነ መስተዋድድ፣ ባለቤትና ግሥ ያለው ነገር ከሆነ መስተጻምር ይፈለጋል። ሲነገር ቀላል ነው። እኛን የሚያሳስተን የገዛ ቋንቋችን ነው። አማርኛ በአንዱ ቃል ሁለቱንም ይሠራል። «ስለ አንተ» እንላለን፣ «ስለመጣህ» እንላለን። «ከምሳ በኋላ» እንላለን፣ «ከበላን በኋላ» እንላለን። «በጦርነቱ ጊዜ» እና «በዘነበ ጊዜ» ያው አንድ «በ» እና አንድ «ጊዜ» ናቸው። ስም ይምጣ ግሥ፣ አማርኛ ግድ የለውም። እንግሊዝኛ ግን በብዙ ቦታ ሁለቱን ለያይቶ ያስቀምጣል።

ጥንዶቹ እነዚህ ናቸው። «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ሬይን» ስም ነው፣ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» ዓረፍተ ነገር ነው። «ዲስፓይት ዘ ሬይን» ስም፣ «ኦልዞ ኢት ሬይንድ» ዓረፍተ ነገር። «ዱሪንግ ዘ ሃርቨስት» ስም፣ «ዋይል ዊ ወር ሃርቨስቲንግ» ዓረፍተ ነገር። «ዱሪንግ ዊ ወር ሃርቨስቲንግ» ብሎ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ቶሎ ልበል። «ዲስፓይት» ብቻዋን ትቆማለች፣ «ኦፍ» አትወድም፤ «ኦፍ» የምትፈልገው «ኢን ስፓይት» ናት። ሁለተኛ፣ «ዱሪንግ» መቼ ለሚለው እንጂ ለምን ያህል ጊዜ ለሚለው መልስ አትሆንም። ሁለት ሳምንት አጨድን ለማለት «ፎር ቱ ዊክስ» ነው። ሦስተኛ፣ «ቢዘንብም ግን መጣን» ማለት በአማርኛ ያምራል። በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞ» ካላችሁ «በት» አትድገሙ። አንዱ ይበቃል።

ደስ የሚለው፣ ሁለቱንም የሚቀበሉ አራት ቃላት አሉ፦ «ቢፎር»፣ «አፍተር»፣ «ሲንስ»፣ «አንቲል»። «አፍተር ዘ ሬይን»ም «አፍተር ኢት ሬይንድ»ም ልክ ነው። የዴንማርኩ የቋንቋ ምሁር ኦቶ የስፐርሰን በ1924 እ.ኤ.አ. እነዚህን ቃላት አንዴ መስተዋድድ፣ አንዴ መስተጻምር ብሎ ለሁለት መክፈል ትርጉም የለውም፣ ቃሉ ያው አንድ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ለኔ ክርክሩ ያሳምነኛል። ለፈተና ግን አስተማሪያችሁ ያለውን ያዙ።

ጎጃም ሆኖ ይህን ጉዳይ የቅኔ ቤት ተማሪ በቶሎ ይረዳዋል። ግእዝም ይለያልና። የቆሎ ተማሪ ደጅ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል «በእንተ» ያረፈችው ስም ላይ ነው፤ «ስማ» ላይ። «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» ሲባል ግን «እስመ»ን ተከትሎ የመጣው ሙሉ ሐሳብ ነው፤ ምሕረቱ ለዘለዓለም ነውና። «በእንተ» እንደ «ቢኮዝ ኦፍ»፣ «እስመ» እንደ «ቢኮዝ» ብትይዟቸው ብዙም አትስቱም። አገባብ የተማረ ሰው እንግሊዝኛ አያውቅም ብሎ የሚንቅ ካለ ቆም ብሎ ያስብ።

ሁለተኛ፦ መስተዋድድ ይዛችሁ ዓረፍተ ነገር ፊታችሁ ቢቆምስ?

አንዳንዴ መስተዋድዱ ግድ ይሆናል፣ መናገር የምትፈልጉት ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። መውጫው ሦስት ነው።

የመጀመሪያው መሐል ላይ «ዘ ፋክት ዛት»ን ማስገባት ነው። «ዲስፓይት ዘ ፋክት ዛት ኢት ሬይንድ» ይሆናል። «ፋክት» ስም ነው፣ ስለዚህ መስተዋድዱ ደስ ይለዋል። ከዚያ «ዛት» ዓረፍተ ነገሩን ያመጣዋል። ግእዙም እንዲሁ ያደርጋል፤ «በእንተ» ግሥ ላይ መድረስ ሲያምራት «ዘ»ን መሐል ታስገባለች። ይህ መንገድ ትክክል ነው፤ ግን ረዥም ነው። አንድ ገጽ ላይ ደጋግማችሁ ከተጠቀማችሁበት ጽሑፉ ይከብዳል። «ኦልዞ» ብላችሁ መገላገል የምትችሉበት ቦታ ላይ ተገላገሉ።

ሁለተኛው ግሡን በ«ኢንግ» መጨረስ ነው። «ቢፎር ክሮሲንግ ዘ አባይ ጎርጅ»፣ የዓባይን ሸለቆ ከመሻገራችን በፊት። «ዊዝአውት ፔይንግ»፣ ሳይከፍሉ። እኛ «ከመሻገር»፣ «ለመክፈል» የምንለው «መ» ልክ እንደ እንግሊዝኛው «ቱ» ስለሚመስለን «ቢፎር ቱ ክሮስ» እንላለን። አይሆንም። ከመስተዋድድ በኋላ ግሥ የሚገባው በ«ኢንግ» ነው።

ሦስተኛው የጥያቄ ቃል ነው። «ኢት ዲፔንድስ ኦን ዌዘር ኢት ሬይንስ»፣ «ኤን አይዲያ ኦፍ ሃው ኢት ወርክስ»። መስተዋድድ ከ«ሃው»፣ «ዋት»፣ «ዌር»፣ «ዌዘር» ጋር ችግር የለበትም። ከ«ኢፍ» ጋር ግን አይስማማም። «ኦን ኢፍ» አትበሉ፣ «ኦን ዌዘር» በሉ።

የማይሆነው መስተዋድድ ላይ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር የሚያመጣውን «ዛት» በቀጥታ መለጠፍ ነው። «ቢኮዝ ኦፍ ዛት ኢት ሬይንድ» ስሕተት ነው። «ኢን ዛት» እና «ኤክሴፕት ዛት» የሚባሉ የተለመዱ ወጣ ያሉ አሉ፤ እነሱን ስታነቡ ታገኟቸዋላችሁ።

ሦስተኛ፦ ስሙ የሚወደው መስተዋድድ ማን ነው?

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፤ ተረጋግተን እንሂድ።

በእንግሊዝኛ ብዙ ስም የራሱ መስተዋድድ አለው። ለምን ብሎ መጠየቅ ብዙ አያዋጣም። እኛ ግን የምንመርጠው ከአማርኛው ተነሥተን ነው። አማርኛው «የ» ካለው «ኦፍ»፣ «ለ» ካለው «ፎር»፣ «ስለ» ካለው «አባውት» እናደርገዋለን። አንዳንዴ ይገጥማል። ብዙ ጊዜ ይስታል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የጭማሪ ነገር ነው። «የጤፍ ዋጋ ጭማሪ»ን «ኢንክሪዝ ኦፍ ፕራይስ» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛው ግን የጨመረውን ነገር በ«ኢን»፣ የጨመረበትን መጠን በ«ኦፍ» ያመጣዋል። «ኤን ኢንክሪዝ ኢን ዘ ፕራይስ ኦፍ ጤፍ» የጤፍ ዋጋ ጭማሪ ነው። «ኤን ኢንክሪዝ ኦፍ 10 ፐርሰንት» የ10 በመቶ ጭማሪ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ሲመጡ «ኤን ኢንክሪዝ ኦፍ 10 ፐርሰንት ኢን ዘ ፕራይስ ኦፍ ጤፍ» ይሆናል። ግሥ ካደረጋችሁት ደግሞ መጠኑ «ባይ» ይፈልጋል፤ «ዘ ፕራይስ ኢንክሪዝድ ባይ 10 ፐርሰንት»። «ራይዝ»፣ «ፎል»፣ «ድሮፕ»፣ «ዲክሪዝ»፣ «ሪዳክሽን» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ግማሽ ስሕተቱ ይቀንሳል።

የመጠን ስሞችም ቅርብ ናቸው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ አዲስ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። «380 ሜትርስ ኢን ሌንግዝ» ወይም «ኤ ሌንግዝ ኦፍ 380 ሜትርስ» ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ከፊት ከመጣ «ኢን»፣ ከኋላ ከመጣ «ኦፍ»።

ቀጥሎ «ቱ» የሚወዱት። «ሶሉሽን»፣ «አንሰር»፣ «ስሬት»፣ «ዳሜጅ»፣ «አክሰስ»፣ «ሪአክሽን»፣ «ኦብጀክሽን»፣ «ኮንትሪቢዩሽን»፣ «ቪዚት»፣ «ኢንቪቴሽን»፣ «ኪይ»። አማርኛው «ለችግሩ መፍትሔ» ስለሚል «ሶሉሽን ፎር» ይመጣብናል፤ የተለመደው ግን «ሶሉሽን ቱ ዘ ፕሮብሌም» ነው። እምቦጭ በጣና ላይ የደቀነው አደጋ «ኤ ስሬት ቱ ሌክ ጣና» ነው። የቤት ቁልፍም «ዘ ኪይ ቱ ዘ ሃውስ» ይባላል። እዚህ «ኦፍ» ስታስገቡ ሰሚው ይገባዋል፣ ግን ጆሮውን ይኮሰኩሰዋል።

«ፎር» የሚወዱት ፍላጎትን የሚናገሩ ስሞች ናቸው ብላችሁ ያዟቸው፦ «ዲማንድ»፣ «ኒድ»፣ «ሪኩዌስት»፣ «ሰርች»፣ «ዲዛየር»። «ሪዝን»ም «ፎር» ትወዳለች። እኅቷ «ኮዝ» ግን «ኦፍ» ናት። «ዘ ሪዝን ፎር ዘ ዲሌይ»፣ «ዘ ኮዝ ኦፍ ዘ ፋየር»። እነዚህን ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ጫናን የሚናገሩት «ኦን» ይፈልጋሉ፦ «ኢፌክት»፣ «ኢምፓክት»፣ «ኢንፍሉዌንስ»፣ «አታክ»፣ «ፕሬሸር»፣ «ታክስ»፣ «ባን»። «ኤምፋሲስ» እና «ሪሰርች»ም እዚሁ ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ግማሹ ከዚህ ነው የሚሠራው፤ «ዘ ኢፌክት ኦፍ ፈርቲላይዘር ኦን ጤፍ ይልድ»። ያደረገው «ኦፍ»፣ የተደረገበት «ኦን»። ሌላው የታወቀ ርዕስ ደግሞ መንስኤና መፍትሔ ነው። በጮቄ የአፈር መሸርሸር ላይ የሚጽፍ ልጅ «ኮዝስ ኤንድ ሶሉሽንስ ኦፍ ሶይል ኢሮዥን» ይላል። «ኮዝ» «ኦፍ» ትፈልጋለች፣ «ሶሉሽን» ደግሞ «ቱ»። አንዷን ለሁለቱ ማካፈል አይቻልም። «ኮዝስ ኦፍ ኤንድ ሶሉሽንስ ቱ ሶይል ኢሮዥን» ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ይጎረብጣል፤ ልኩ ግን እሱ ነው።

«ኢን» የሚሉት «ኢንተረስት»፣ «ቢሊፍ»፣ «ኮንፊደንስ»፣ «ሳክሰስ» ናቸው። «ዲፈረንስ» «ቢትዊን» ትላለች፣ መሐላቸውም «ኤንድ» ይገባል። «ቢትዊን ደጀን ቱ ቡሬ» አትበሉ፤ «ቢትዊን ደጀን ኤንድ ቡሬ» ነው።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ስሙ መስተዋድድ ይፈልጋል፣ የዚያው ቃል ግሥ ግን አይፈልግም። «ኤ ዲስከሽን አባውት ዘ ፕሮብሌም» ልክ ነው። «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕሮብሌም» ስሕተት ነው፤ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕሮብሌም» ብቻ። ስለ ችግሩ ተወያየን የሚለው «ስለ» ነው የሚጎትተን። እንዲሁም «ኤ ሪኩዌስት ፎር ሄልፕ»፣ ግሡ ግን «ዘይ ሪኩዌስትድ ሄልፕ»። «ኤምፋሲስ ኦን»፣ ግሡ «ኤምፋሳይዝ» ያለ ምንም። «ሪዚስታንስ ቱ»፣ ግሡ «ሪዚስት» ብቻውን። «ላክ ኦፍ ዋተር»፣ ግሡ «ዘይ ላክ ዋተር»። «ኮንታክት ዊዝ»፣ ግሡ «ኮንታክት ሂም»። «ማሬጅ ቱ»፣ ግሡ «ሺ ሜሪድ ሂም»፤ «ሜሪድ ዊዝ ሂም» የሚለው ከእኛው «ከእሱ ጋር ተጋባች» የመጣ ነው።

አንድ አንቀጽ ቀርበን እንይ። ከመራዊ አጠገብ ባለው በቆጋ መስኖ አካባቢ ጥናት የሚያደርግ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«ዘ ሪዝን ኦፍ ዘ ሎው ይልድ ኢዝ ኤ ላክ ፎር ፈርቲላይዘር። ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ሶሉሽንስ ኦፍ ዚስ ፕሮብሌም ዊዝ ፋርመርስ። ዲስፓይት ኦፍ ዘይ ሃቭ ኤን ኢንተረስት ፎር ኢሪጌሽን፣ ዘይ ዱ ኖት ሃቭ አክሰስ ፎር ዋተር።»

ቁጭ ብላችሁ ስሕተቱን ቁጠሩ። ሰባት ነው። አሁን ስናቃናው፦

«ዘ ሪዝን ፎር ዘ ሎው ይልድ ኢዝ ኤ ላክ ኦፍ ፈርቲላይዘር። ዊ ዲስከስድ ዘ ሶሉሽንስ ቱ ዚስ ፕሮብሌም ዊዝ ፋርመርስ። ኦልዞ ዘይ ሃቭ ኤን ኢንተረስት ኢን ኢሪጌሽን፣ ዘይ ዱ ኖት ሃቭ አክሰስ ቱ ዋተር።»

ልጁ የተጠቀመበት ቃል ሁሉ ጥሩ ነው። የተለወጡት ትንንሾቹ ብቻ ናቸው። አማካሪው ግን በቀይ የሚያሰምረው እነሱን ነው።

አራተኛ፦ «ዛት» የሚከተላቸው ስሞች

«ኒውስ»፣ «ፋክት»፣ «አይዲያ»፣ «ቢሊፍ»፣ «ክሌይም»፣ «ሆፕ»፣ «ሩመር»፣ «ኤቪደንስ»፣ «ፊር»። እነዚህ ውስጣቸው ንግግር ወይም ሐሳብ አለ። ስለዚህ ሐሳቡን በ«ዛት» አውጥተው ያሳያሉ። «ዘ ኒውስ ዛት ዘ ብሪጅ ሃድ ኦፕንድ»፣ ድልድዩ ተከፈተ የሚለው ዜና።

ችግሩ ሌላ «ዛት» መኖሩ ነው። «ዘ ኒውስ ዛት ሂ ብሮት»፣ እሱ ያመጣው ዜና። መልካቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን ለየቅል። ለዚህ አማርኛ ጥሩ መፈተኛ ይሰጠናል። ስትተረጉሙት «የሚለው» ማስገባት ከቻላችሁ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። «ድልድዩ ተከፈተ የሚለው ዜና» ይሄዳል። «እሱ አመጣ የሚለው ዜና» ካላችሁ ግን ትርጉሙ ተለወጠ፤ ስለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ለምን መለየት ያስፈልጋል? በሁለተኛው ዓይነት «ዛት»ን በ«ዊች» መተካት ይቻላል፤ «ዘ ኒውስ ዊች ሂ ብሮት»። ግሡ ተሳቢውን ከኋላ ስላጣው መጣልም ይቻላል፤ «ዘ ኒውስ ሂ ብሮት»። በመጀመሪያው ዓይነት «ዊች» ፈጽሞ አይገባም። «ዘ ፋክት ዊች ኢት ሬይንድ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ ሰርዙት። «ዛት»ንም በጽሑፍ ላይ ባትጥሉ ይሻላል።

ሁሉም ስም «ዛት» አይወድም። «ኢምፖርታንስ» ለምሳሌ «ኦፍ» ብቻ ናት። ትምህርት ጠቃሚ መሆኑን ለማለት «ዘ ኢምፖርታንስ ኦፍ ኤጁኬሽን»። «ኤፎርት» ደግሞ «ቱ»ን ከግሥ ጋር ትፈልጋለች።

ጥርጣሬ ሲመጣ «ዌዘር» ይገባል፤ «ዘ ኩዌስቸን ኦፍ ዌዘር ዘ ኤግዛም ዊል ቢ ፖስትፖንድ»። «ዳውት» ግን ታስቸግራለች። ጥርጣሬው ካለ «ዌዘር»፣ ከሌለ «ዛት»፦ «ዘር ኢዝ ኖ ዳውት ዛት ሂ ዊል ካም»።

አምስተኛ፦ «ቱ» ወይስ «ኦፍ» ከ«ኢንግ» ጋር

«አቢሊቲ»፣ «ዲሲዥን»፣ «ራይት»፣ «ፐርሚሽን»፣ «አተምፕት»፣ «ኦፖርቹኒቲ» ከ«ቱ» እና ከተራ ግሥ ጋር ይሄዳሉ። «ዘ ራይት ቱ ቮት»፣ «ፐርሚሽን ቱ ሊቭ»። «ፖሲቢሊቲ»፣ «ሃቢት»፣ «ሪስክ» ደግሞ «ኦፍ»ን ከ«ኢንግ» ጋር። «ዘ ፖሲቢሊቲ ቱ ጎ» አይባልም፤ «ዘ ፖሲቢሊቲ ኦፍ ጎይንግ» ነው።

«ቻንስ» ሁለቱንም ትይዛለች፣ ትርጉሟ ግን ይለወጣል። «ኤ ቻንስ ቱ ዊን» ዕድሉ ተሰጠው ነው። «ዘ ቻንስ ኦፍ ዊኒንግ» የማሸነፍ ግምቱ ስንት ነው ነው።

አንድ ተንኮለኛ «ቱ» አለች። «ኮንትሪቢዩሽን ቱ»፣ «ኦብጀክሽን ቱ»፣ «ኮሚትመንት ቱ»፣ «ኪይ ቱ» ሲባል ያቺ «ቱ» መስተዋድድ ናት። ስለዚህ ግሥ ስትከተላት በ«ኢንግ» ነው፤ «ዘ ኪይ ቱ ሶልቪንግ ዘ ፕሮብሌም»። እንዴት ትለዩአታላችሁ? በግሡ ቦታ ስም ብቻውን አስገቡ። «ዘ ኪይ ቱ ሳክሰስ» ይሄዳል፣ እንግዲያው መስተዋድድ ናት። «ዘ አቢሊቲ ቱ ሳክሰስ» አይሄድም።

«ሪዝን» የራሷ ዓለም ናት። «ሪዝን ፎር» ስም፣ «ሪዝን ዋይ» ወይም «ሪዝን ዛት» ዓረፍተ ነገር፣ «ሪዝን ቱ» ግሥ። «ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ» የሚለውን በንግግር ትሰሙታላችሁ፤ በፈተናና በጥናት ጽሑፍ ላይ ግን «ዘ ሪዝን ኢዝ ዛት» በሉ። «ዌይ» ደግሞ ከ«ሃው» ጋር አትኖርም። «ዘ ዌይ ሃው ዘይ ፕላው» የለም። ወይ «ዘ ዌይ ዘይ ፕላው»፣ ወይ «ሃው ዘይ ፕላው»።

ስድስተኛ፦ መስተጻምር ሆነው የቀሩ ስሞች

አንዳንድ ስም ራሱ መስተጻምር ሆኖ ይሠራል። «ዘ ሞመንት ሂ አራይቭድ»፣ ልክ እንደደረሰ። «ኤቭሪ ታይም ኢት ሬይንስ»፣ በዘነበ ቁጥር። «ኢን ኬስ»፣ ምናልባት ቢሆን ብሎ ለመጠንቀቅ። «ኦን ኮንዲሽን ዛት»፣ በቅድመ ሁኔታ። «ኦን ዘ ግራውንድስ ዛት»፣ በሚል ምክንያት፤ ይህቺ የመጨረሻዋ የፍርድ ቤትና የደብዳቤ ናት። «ዘ ሞመንት» ላይ «ዌን» አትጨምሩ፣ ብቻዋን ትበቃለች።

እዚህ ውስጥ «ባይ ዘ ታይም» ለእኛ የተለየች ናት፤ እሷን ያልያዘ ሰው «ባይ» እና «አንቲል»ን ያምታታልና። አማርኛ «እስከ ዓርብ አስረክብ» ይላል፣ «እስከ ዓርብ ቆይ» ይላል። «እስከ» ሁለቱንም ትይዛለች። እንግሊዝኛ አትይዝም። ሥራው እስከዚያ የሚቀጥል ከሆነ «አንቲል»፤ «ዌይት አንቲል ፍራይዴይ»። ከዚያ ቀን ሳያልፍ አንዴ የሚደረግ ከሆነ «ባይ»፤ «ሰብሚት ኢት ባይ ፍራይዴይ»። «ሰብሚት ኢት አንቲል ፍራይዴይ» ስትሉ ፈረንጁ በየቀኑ ስታስረክቡ ይታየዋል። ዓረፍተ ነገር ሲመጣ «ባይ» ወደ «ባይ ዘ ታይም» ትለወጣለች፤ «ባይ ዘ ታይም ዘ ባስ ሪችስ ደብረ ማርቆስ፣ ኢት ዊል ቢ ዳርክ»። ወደፊት የሚሆን ነገር ቢሆንም «ዊል» የሚገባው ሁለተኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ከ«ባይ ዘ ታይም» ጎን አይገባም።

ሰባተኛ፦ እንዴት ትለማመዱታላችሁ?

ስም ብቻውን አትሸምድዱ። «ዲማንድ ማለት ፍላጎት» ብሎ መያዝ ትርፉ ትንሽ ነው። ደብተራችሁ ላይ «ዲማንድ ፎር» ብላችሁ ከነጎረቤቱ ጻፉ፣ ከጎኑ ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር አክሉበት። ለቋንቋ ተማሪ የተዘጋጁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መስተዋድዱን ከቃሉ አጠገብ ያሳያሉ፤ በስልክም በነጻ ይገኛሉ። አማርኛ ትርጉሙን ብቻ የሚሰጡት ለዚህ ሥራ አይረዱም።

ስታነቡም የማታውቁትን ቃል ትታችሁ የምታውቁትን ስም አስምሩ። ከኋላው ያለችውን ትንሽ ቃል ክበቡ። ጋዜጣ፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል። የራሳችሁን ጽሑፍ ስታርሙ ደግሞ «ኦፍ» እና «ፎር»ን ብቻ ፈልጋችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ፦ ይህን ያመጣው ስሙ ነው ወይስ የአማርኛው «የ» እና «ለ»?

አሁን እነዚህን ሞክሩ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ጻፉ።

«በመሬት መንሸራተት ምክንያት የደጀን መንገድ ተዘጋ።» «ዘ ደጀን ሮድ ዎዝ ክሎዝድ ቢኮዝ ኦፍ ኤ ላንድስላይድ።» ቀጥሎ ያለው ስም ነው።

«የድንች ፍላጎት ጨመረ።» «ዘ ዲማንድ ፎር ፖቴቶስ ኢንክሪዝድ።» «የ» ብታዩም «ኦፍ» አይደለም።

«የድንች ፍላጎት ጭማሪ አለ።» «ዘር ኢዝ ኤን ኢንክሪዝ ኢን ዘ ዲማንድ ፎር ፖቴቶስ።» ሁለት ስም፣ ለእያንዳንዱ የራሱ።

«ፈተናው ተራዘመ የሚለው ወሬ ውሸት ነው።» «ዘ ሩመር ዛት ዘ ኤግዛም ዎዝ ፖስትፖንድ ኢዝ ፎልስ።» «የሚለው» አለ፣ ስለዚህ «ዊች» አትገባም።

«ሪፖርቱን እስከ ዓርብ አስገቡ።» «ሰብሚት ዘ ሪፖርት ባይ ፍራይዴይ።»

«ቡሬ እንደደረስን ዝናቡ ጀመረ።» «ዘ ሞመንት ዊ ሪችድ ቡሬ፣ ኢት ስታርትድ ቱ ሬይን።» «ሪችድ ቱ ቡሬ» ያላችሁ አርሙት፤ «ሪች» መስተዋድድ አትፈልግም። «አራይቭ» ካላችሁ ግን «አራይቭድ ኢን ቡሬ» ነው፣ ስሟ «አራይቫል»ም ያንኑ «ኢን» ይዛ ትሄዳለች።